ሰሜን በሐረና ደን

አሰልጣኙ ስድስት የባንክ ሠራተኞችን ይዞ ሐረና ደን የገባው፣ መንገድ በሌለበት በካርታና በኮምፓስ መጓዝን ሊያስተምራቸው ነው። ሙያውን ውጭ አገር በሦስት ሳምንት ጠንቅቆ ስለመጣ፣ የደኑ ጠባቂ ጋሽ ከድር ጠመንጃቸውን አንግተው ሊመሩ ሲነሱ አስቆማቸው።

«ጋሽ ከድር፣ እርስዎ የመጡት ለአውሬው ነው። አቅጣጫውን ለሳይንስ ይተዉት።»

«እሺ ልጄ» አሉና ከጎኑ ሆኑ።

ረፋዱ ላይ ጉም ወረደ። እንዳይጠፋፉ ተጠጋግተው መሄድ ጀመሩ። የድንኳን ሰፈራቸው በስተሰሜን ስለነበር አሰልጣኙ ኮምፓሱን በመዳፉ ይዞ ቀዩን መርፌ ተከተለ። ጋሽ ከድር ከትከሻው አጠገብ፣ ግማሽ እርምጃ ቀድመው ይራመዳሉ። አንድ ረግረግ ጋ ሲደርሱ መርፌው ወደ ቀኝ ዞረ፤ ረግረጉን ካለፉ በኋላ ወደ ግራ ተመለሰ።

«ሰሜን እንዲህ ይጠማዘዛል እንዴ?» አለች ከሰልጣኞቹ አንዷ።

«ደን ውስጥ ይጠማዘዛል» አላት ሳያመነታ። እሷም ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ድንኳኖቻቸው ፊት ብቅ አሉ። ሰልጣኞቹ አጨበጨቡ። አሰልጣኙም ኮምፓሱን በመዳፉ እንደያዘ፣ በልምድ መጓዝ ስላለው ኋላ ቀርነት አጭር ንግግር አደረገ። ጋሽ ከድር ዛፍ ሥር ሊያርፉ በፊቱ ሲያልፉ ዓይኑን ወደ መዳፉ ጣል አደረገ። ቀዩ መርፌ የጠመንጃቸውን ብረት ተከትሎ ከቀኝ ወደ ግራ ዞረ።

ጋሽ ከድርም አይተውት ኖሮ ጠጋ አሉና በጆሮው፣

«ነገስ ልጄ፣ በቀኝህ ልሁን ወይስ በግራህ?» አሉት።