የተፈታው ሽቦ

ይትባረክ ትምህርቱን ጨርሶ ከውጭ አገር ሲመለስ የጠበቀው የሚስቱ የትርሲት መቃብር ነበር። ሰሞኑን ደግሞ ከቁም ሳጥን ጀርባ እሷ የቀዳችለትን ካሴት አገኘ። ድምጿ የሰለለ ስለሆነ፣ ከውጭ ያመጣው ውድ ቴፕና ስፒከር ጉርምርምታ ዋጠው። ኤሌክትሪኩን የሚያስተካክል ስታቢላይዘር ገዛ፤ ጉርምርምታው አልጠፋም። ጉርምርምታውን መሬት ይውሰደው ተብሎ ግቢው ተቆፍሮ የመዳብ ዘንግ ከከሰልና ከጨው ጋር ተቀበረ፣ ከቴፑም ጋር በሽቦ ተያያዘ፤ ያው ነው።

"ተወው ልጄ፣ ባጠባሁህ ጡቴ! የሙት ድምፅ ያሳብዳል፤ ኤሌክትሪኩም ይፈጅሃል" ይላሉ እናቱ። እንቅልፍ ካጡ ሰንብተዋል።

ዘንጉን የቀበረው ኤሌክትሪሻን ዛሬ ተመልሶ አይቶት ሳቀ። "ጋሼ፣ ሽቦውን ፈተውብዎታል እኮ! ግቢው ውስጥ ጠላት አለብዎት እንዴ?"

"ከእማዬ በቀር ማን አለ ብለህ?" ይትባረክም ሳቀ።

እናቱ አልሳቁም። ሽቦው ታስሮ ልጃቸው ካሴቱን ሲከት ክንዱን ጨምድደው ያዙት። "እኔን አፈር ካለበስክ በኋላ ስማው!"

እሱ ግን የቴፑን ቁልፍ ተጫነ። ጉርምርምታ የለም። የትርሲት ሳል፣ ከዚያም ጥርት ያለ ድምጿ ተሰማ፦ "ሐኪሙ የቀረሽ ሁለት ወር ነው አለኝ። ቶሎ ና።"

ከኋላዋ፣ እዚያው ካሴት ላይ፣ የእናቱ ድምፅ ተከተለ፦ "ጨረስሽ ልጄ? በይ አምጪው፣ ዛሬውኑ እልክልሻለሁ።"