አፈር ቀማሹ የባንክ ሹም

በ፲፱፻፷ ዓ.ም. በቡሬ ገጠር ከእኔ በላይ አዋቂ አልነበረም። ይህን የምለው እኔው ነኝ፤ ሌላ ምስክር የለኝም። ትምህርቴ አቡጊዳ ላይ ቆሟል፤ ኩራቴ ግን ዳዊት ደግሟል።

በዚያ ዓመት መንግሥት የመሬት ግብር ሊጨምር ገማቾች እንደሚልክ ተሰማ። መሬቱ ለም ከተባለ ግብሩ ይከብዳል፤ ጠፍ ከተባለ ይቀላል። ልጄ ይርሳው «አናስገምትም» ካሉት ጋር ጫካ ገባ። እኔ ከሟች ባሌ የቀረችኝን መሬት ይዤ ብቻዬን ቀረሁ።

አንድ ቀን ክንፈሚካኤል የሚባለው የባንክ ሹም ከከተማ መጣ። በጣሊያን ጊዜ ከአርበኞች ጋር ዋሻ ተቀምጦ ሲመራመር የኖረ ሳይንቲስት ነው፣ ባንክ የገባው ከድል በኋላ ነው ይሉታል። ምኑን እንደተመራመረ የሚነግረኝ ስላጣሁ «ቅማሉን ይሆናላ» እል ነበር። ቅንድብ የሚባል የለውም። ብር ላይ ሲያፈጥ ረግፎበት ነው ብዬ ጎረቤቴን አስካለ ማርያምን አስቄያታለሁ።

«እመት ወለተ ኢየሱስ፣ እንደምን ዋሉ? አሮጌውን በረት ልይልዎት?»

«ከብት ሊገዙ ነው?»

«ኧረ አፈሩን ብቻ።»

ገባ። ከወለሉ አፈር በጣቱ ቆንጠር አድርጎ ምላሱ ላይ ጣል አደረገ። እንደ ወጥ ቀማሽ ዓይኑን ጨፍኖ አጣጣመና «ደህና ነው፤ ትንሽ ይቀረዋል» ብሎ ሄደ።

ወዲያው ገባኝ። ለካ ገማቹ እሱ ነው! እርሻው ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ሳለ በረት ምን አስገባው ብሎ መጠየቅ የተማረ ሰው ሥራ ነው፤ እኔ አልጠየቅሁም።

«መሬቴን ለም ሊላት ነው» አልኳት አስካለን። «ቆይ፣ አፉን የሚያበላሽ ነገር አቀምሰዋለሁ።»

«ምን ያቀምሱታል?»

«የላም ሽንት!»

ከዚያ ወዲያ ላሞቼን እያስነሳሁ ሽንታቸውን በገንቦ እቀበላለሁ፤ ወለሉ ላይ አፈሳለሁ፤ የምድጃ አመድ እነሰንስበታለሁ። ያቺ ኩሩ ወለተ ኢየሱስ ከላም ጅራት ሥር ተንበርክካ! አንዷ ጊደርማ ነጠላዬን ሳይቀር አጠመቀችው።

ወራት አልፈው ሰውየው ተመለሰ። ቀመሰ። ፊቱ በራ። አፈሩን ጆንያ በጆንያ ዝቆ በአህያ ጫነ።

«እመት፣ እግዜር ይስጥልኝ! እንዲህ ያለ አፈር ሊበንም ደምበጫም አላገኘሁ።»

ደሜ ፈላ። ሽንት የሚጣፍጠው ሹም ገጥሞኝ መሬቴ ልትሄድ ነው!

አስካለን ወደ ጫካ ላክኋት። «ለይርሳው ንገሪልኝ፤ የባንኩ ሹም መሬታችንን ለም ሊያሰኝ አፈሩን ጭኖ ወጥቷል። የእኔ ልጅ ከሆንክ መንገድ ጠብቀህ ጣለው፣ ብላለች በይው።»

በማግስቱ አስካለ ሳቋን መያዝ አቅቷት መጣች። የልጄን መልስ እንዳለ ነገረችኝ፦

«እምዬ፣ እሱን ከጣልነው ከበረቱ አፈር ባሩዱን ማን ይቀምምልናል? ይልቅ ሽንቱን አያቋርጡ ብሎዎታል።»