ግማሽ ሲጋራ

ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ከሱቅ የገዛውን አንድ ፍሬ ሲጋራ ከመለኮሱ በፊት መሃሉ ላይ በጥፍሩ ምልክት አደረገበት። እስከ ምልክቱ የእሱ ነው፤ የቀረው አግዳሚው ላይ አጠገቡ ለተቀመጠው ለአናጺው። ታክስ ተጨምሮ ሲጋራ የተወደደ ጊዜ የጀመሩት ልማድ ነበር። ዛሬም ባለሱቋ የሰጠችው «ደግሞ ጨመሩበት» ብላ ነው። ከዳሞታ ተራራ የወረደው ጉም የሶዶን መንገድ ሞልቶት ነበር፤ ባጃጆቹ መብራታቸው ብቻ እየታየ፣ ውሃ ላይ ያሉ ይመስል ድምፃቸውን አጥፍተው ይንሳፈፉ ነበር። ሽማግሌው ምልክቱ ጋ ሲደርስ ሲጋራውን አቀበለና፣ «እንግዲህ አቅማችን አይደለም። ለምን አንተወውም?» አለ።

አናጺው ደነገጠ። «ኧረ ጋሼ! ታዲያ ማታ ማታ የት ልንገናኝ ነው?» አለና ሲጋራውን ቶሎ ብሎ ከንፈሩ ላይ አደረገ። ሽማግሌው የሲጋራውን ጫፍ አየ። እሱ ሲስበው ቦግ ይል የነበረው እሳት አሁን አልቀላም፤ ዝም ብሎ አመድ እየለበሰ ሄደ። አናጺው እፍ ያለው ትንፋሹን ነበር፤ በብርዱ ጢስ መሰለ። ያ የአናጺውን ደረት ሲሰነጥቅ የኖረው ሳል ከጠፋ ስንት ጊዜ ሆነው?

«መቼ ነው የተውከው?» ሊለው አፉን ከፈተ፤ ግን ጉሙ ውስጥ ያን ያህል ተጠግተው ሲቀመጡ ጥያቄው ከበደው።

«ነገ ሲጋራ አልገዛም» አለ ቀስ ብሎ። «አንተ ግን ቦታ ያዝልኝ።»