የማይላቀቀው ማስቲሽ

የወደቡ ሰው «ጋሽ ማስቲሽ» ይለዋል። ሱቁ ውስጥ ቀለምም ምስማርም ገመድም ሞልቷል፤ ስም ያወጣለት ግን ማጣበቂያው ነው። ጋሽ ማስቲሽ በሁለት ነገር ይመካል። አንደኛ፣ የማይሆንህን ማጣበቂያ ሞተህ ብትገኝ አይሸጥልህም። ሁለተኛ፣ ሰውን ገና በሩን ሲረግጥ ምን ዓይነት እንደሆነ ያውቀዋል። በራሱ አፍ ነው እንግዲህ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ጀልባቸው ውስጥ የሚኖሩት ባልና ሚስት ገቡ። ባልየው ትከሻው በሩን ይሞላል። ሚስትየው ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ከኋላው ትከተላለች።

«የጣሪያችን ክዳን ላይ ያለው አየር ማስገቢያ ያፈስሳል» አለ ባልየው። «ጠዋት መረቤን አይቼ ስመለስ አልጋው ርሶ ይጠብቀኛል። መላ በለኝ።»

«በዚህ በደረቅ ወራት?»

«ማዕበሉ ነው የሚረጨው» አለች ሚስትየው ቀስ ብላ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ!»

ጋሽ ማስቲሽ ክንዷ መበለዙን ያየው ይሄኔ ነው። አንጀቱን በላችው።

ሦስት ቱቦ ባንኮኒው ላይ ደረደረ። «ነጩ ሲሊኮን ፀሐይ ሲበዛበት ይላቀቃል። ጥቁሩ ሬንጅ ነው፤ ሲሞቅ ይንጠባጠባል። ግራጫው ግን የጀልባ ነው፣ አንዴ ከደረቀ በቢላም አይነሳ። ታዲያ ዙሪያውን ብቻ ነው የምትቀባው። አፉን እንዳትደፍነው፣ ቤቱ ይተንፍስበት።»

«ግራጫውን አምጣ። አፉንም ደፍኜው እገላገላለሁ።»

«ኧረ ሰውዬ! ውስጥ ከሰል ታነዳላችሁ?»

«ይቺ ብርዳም ከሰል ሳታቀጣጥል መቼ ትተኛለች!» ባልየው ከት ብሎ ሳቀ። «አንተ ዕቃህን ሽጥ፤ ምክር አልገዛሁም።»

ሳቁ ለጋሽ ማስቲሽ አልጣመውም። የማይላቀቅ ማጣበቂያ፣ የተደፈነ አየር ማስገቢያ፣ ከሰል፣ የበለዘ ክንድ። «ይሄ አረመኔ ሊገላት ነው» አለ በሆዱ።

ባልየው ሲጋራ ሊለኩስ ወጣ። ጋሽ ማስቲሽ ባንኮኒውን ተሻግሮ ወደ ሴትየዋ ጠጋ አለ።

«እህቴ፣ በሞቴ ስሚኝ። እሱን ከደፈነው እዚያ ውስጥ እንዳታድሪ። የታፈነ ከሰል መርዝ ነው፤ ሽታ የለው፣ መልክ የለው።»

«ሰውየው አይነቃም?»

«ምን ይነቃል! እንደተኛ ይቀራል እንጂ።»

«ጠንካራ ሰው ቢሆንም?»

«ዝሆንም ቢሆን!»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ወንድሜ፣ ውለታህን አልረሳም» ብላ ቱቦውን በሁለት እጇ ተቀበለችውና ባሏን ተከትላ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ማስቲሽ ሱቁን ሊከፍት ሲመጣ ወደቡ ላይ ሰው ግር ብሏል። «ገደላት! ነግሬያት ነበር እኮ!» እያለ ሮጠ።

ሴትየዋ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ በሕይወት ቆማለች። በቃሬዛ የሚወጣው ባልየው ነው።

«ምክርህን ሰምቼ እህቴ ቤት አደርኩ» አለችው እያነባች። «እሱንም ተው ብዬው ነበር። መቼ ሰው ይሰማል!»

ጋሽ ማስቲሽ እፎይ አለ፤ ሬሳ ፊት እፎይ ማለቱ ግን አሳፈረው። ቢሆንም «ለሰው ጉድጓድ የቆፈረ» ብሎ አጉተመተመ፣ ትከሻዋንም እንደ ታላቅ ወንድም ደገፍ አደረገ። የሰው ነፍስ ማዳን ቀላል ነገር አይደለም።

የወደቡ ዘበኛ አጠገቡ መጥቶ ራሱን ነቀነቀ። «አይ ምስኪን! እንዲህ ያለች ሚስት ከየት ትገኛለች? ማታ እንኳ እንዳይበርደው ከሰሉን አቀጣጥላለት ስትወጣ አይቻታለሁ። ወር ሙሉ በየማለዳው፣ ባሏ ለመረቡ እስኪወጣ ጠብቃ፣ ያንን የጣሪያ ክዳን በባልዲ ውሃ ስታጥብለት ነበር እኮ።»