ሰባተኛው ጥያቄ

ሮዌና ካባሂግ የፖለቲካ ሳይንስ መግቢያን አንዴ ወድቃለች። ዘንድሮም ከወደቀች ነፃ የትምህርት ዕድሏን ትነጠቃለች፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠብቃት የአክስቷ ዓሣ መሸጫ ነው።

«አጥኚ ያያል እንጂ አይነካም» አሏት መምህሯ የአንዲት ደሴት ሰፈር ምርጫን እንድታጠና ሲልኳት። «በምርጫው ውስጥ እጅሽ ከተገኘ፣ ከእኔ ጋር ተለያየን።»

ሮዌና ከደንቡ አንድም አላጎደለች። ሰፈሩን ቤት ለቤት ዞረች። በየደጃፉ ስሟን ተናገረች፣ የሚቸግራቸውን ጠየቀች፣ ሳታቋርጥ አዳመጠች። ጊዜውን ለሰጣት ሁሉ፣ የጥናት መመሪያ መጽሐፉ እንደሚያዘው፣ አንዳንድ ሳሙና ሰጠች፤ ቅሬታ ያለው እንዲያገኛት ስሟንና ስልኳን ለጠፈችበት።

ነገሩ ሁሉ ሰላም ነበር። በሁለተኛው ዙር ግን የመጠይቁ ሰባተኛው ጥያቄ መጣ። «ድምፅዎን ፈልጎ ስጦታ የሰጠዎት ሰው አለ?»

«እንዴታ» አሉ ናናይ ፔሪን የሚባሉት አሮጊት፣ በድዳቸው እየሳቁ።

«ማን ነው?»

«ኧረ ወዲያ፣ አሁን ይሄ ይጠየቃል?» ብለው በክርናቸው ጎሸም አደረጓት።

ጎረቤታቸውም አዎ አለና ጠቀሳት። ሦስተኛዋም እንደዚያው። ሮዌና «ፍርሃት» ብላ ጻፈች። ለምርጫው የቀረበው የሰፈሩ ሹም ኖርቤርቶ ብቻ ነው። ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም፤ ታዲያ ለምን ጉቦ ይበትናል? ነገሩ ከነከናት፤ ደስም አላት፤ እንዲህ ያለ ግኝት ይዞ የሚወድቅ ተማሪ የለም።

ወሬው ሹሙ ጆሮ ደረሰ። በማግስቱ የተጠበሰ አሳማ አሸክሞ፣ ፊቱን አጨፍግጎ መጣ።

«ስሚ ልጄ፣ ይሄን ነገር ብትተይው ምን ይመስልሻል? ከአባቴ የተረከብኩት ሰፈር ነው።»

«ሳይንስ በአሳማ አይገዛም፣ ጋሼ» አለችው። ሆዷ ግን ጮኸባት።

«እንግዲያው ሕዝቡ ይፍረደን» ብሎ አሳማውን ይዞ ተመለሰ።

የምርጫው ቀን ሰዉ በሰፈሩ ትምህርት ቤት፣ በተማሪዎቹ ጠባብ ወንበር ላይ ታጥፎ ተቀመጠና የሚፈልገውን ስም በእጁ ጻፈ። ሮዌና ከኋላ ቆማ፣ ማንንም ሳትነካ፣ ስታይ ዋለች። ሹሙ ሲያልፍ ገላመጣት። እሷም ገላመጠችው። ሳጥኑ ተከፈተ፤ ድምፅ የምትቆጥረው የትምህርት ቤቱ አስተማሪ ጠመኔ ይዛ የመጀመሪያውን ወረቀት ዘረጋች፤ መነጽሯን አስተካከለችና ጮክ ብላ አነበበች።

«ሮዌና ካባሂግ፣ ባለሳሙናዋ።»