የስለቱ በግ

ባሌ አስናቀ ድስቱን እንደወሰደው ሙሉውን ይዞ ይመለሳል። ክዳኑ እንኳን አልተነካም። ከሌሊቱ ቅዳሴ የለበሰውን ነጠላ ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።

«አልበሉም?» እለዋለሁ።

«አልበሉም። የአፋሮቹ ሽማግሌ እጄን ይዞ አመሰገነኝ፣ መረቀኝ፤ ከዚያ ድስቱን መለሰልኝ።»

ያኔ ነው የሚገባኝ። ወይ እመቤቴ! የፋሲካውን በግ ጎህ ሲቀድ «በስመ አብ» ብሎ የባረከው አስናቀ ራሱ ነው። እስላም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፣ እኛም እነሱ ያረዱትን አንበላም፤ ይሄን አዋሽ ውስጥ የማያውቅ ሕፃን የለም። ይሄ ሰውዬ ግን ምድር ባቡር ሲሠራ ከአፋር ጋር አብሮ ሸብቶ፣ በፋሲካ ደስታ ጭልጥ አድርጎ ረሳው። እኔስ ብሆን? አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት ስከትፍ ነበር።

«ጎረቤት ያለውን ጀማሉዲንን ጠርተህ ማሳረድ አቅቶህ ነው?»

«ደስ ብሎኝ እኮ ነው፣ ባይሽ።»

እንዲህ ሲለኝ ደግሞ መቆጣት አልችልም። ቤተ ክርስቲያኑን የሚጠርገው እሱ፣ ለቅዳሴው ውሃ የሚቀዳው እሱ። «የእግዚአብሔር ቤት አገልጋይ ነኝ» ይላል፤ የእግዚአብሔር ቤት ደግሞ ለሱ ከመቅደሱ ተነሥቶ ገበያው ድረስ ነው።

ሰዎቹ የሰፈሩት ከሐዲዱ ማዶ፣ በጣቢያው የውሃ ታንከር ጥላ ሥር ነው። ድርቁ ከብቶቻቸውን ጨርሶባቸው በእግራቸው ነው የገቡት፦ ሽማግሌው ሙሐመድሰዒድ፣ ልጁ ሀምዳና ልጆቿ። ሀምዳ እዚያው ታንከሩ ሥር ወለደች። ድፎ ዳቦ ልከንላቸው ልጆቹ ተሻምተው በሉ፤ ለሷ ግን አልወርድ አላት። ጡቷ ደርቋል። የሕፃኑ ለቅሶ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዷል። መረቅ ካላገኘች ሁለቱም መሄዳቸው ነው። ገበያ ላይ ደግሞ የቀሩት ፍየሎች ቆዳና አጥንት ናቸው።

አስናቀ ድስቱን ያስቀምጣል። ዓይኑ ወደ ጓሮ ይሄዳል።

«እሱን እንዳታስበው!» እላለሁ።

ጓሮ የታሰረው የማርያም በግ ነው። ልጃችን በለጠ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሲሄድ፣ በደህና ከመለሽልኝ ብዬ የተሳልኩት። ከሄደ ወዲህ ወሬው የለም። ያን በግ ከአፌ ነጥቄ ነው ያሳደግኩት። እና የእመቤቴን ገንዘብ ለሌላ ልስጥ? በሌላ እጅ ላሳርደው? ብትቀየመኝስ? ልጄን ጥይት ቢያገኘውስ? እናት ነኝ፣ ምን ላድርግ!

«ምንም አላልኩም እኮ» ይላል አስናቀ።

«ብትለኝ ይሻለኝ ነበር!»

እውነቴን ነው። ቢያዘኝ እጣላው ነበር። እሱ ግን ስለቱ ያንቺ ነው ብሎ ደፍ ላይ ቁጭ ይላል። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ ከሐዲዱ ማዶ ቀጥኖም ቢሆን እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። ከዚያ ዝም ይላል። ዝምታው ይብስብኛል።

እመቤቴስ ብትሆን ልጇን አዝላ በረሃ ለበረሃ ተሰዳ የለ? ነገ ደጇ ቆሜ «በግሽን አልነካሁብሽም» ብላት፣ ደስ ሊላት ነው?

«ተነሥ» እላለሁ። «ጀማሉዲንን ጥራ። ቢላዋውን ይዞ ይምጣ፣ ድስቱም ከሱ ቤት ይሁን።»

«ባይሽ…»

«ሐሳቤን ሳልቀይር ሂድ አልኩህ!»

በጉን ራሴ እፈታዋለሁ። ጎመን የምሰጠው መስሎት ሐዲዱን ተሻግሮ ይከተለኛል።

ጀማሉዲን ጣቢያው በር ላይ ሻይ ቤት ያለው የወሎ ሰው ነው፤ ጎረቤታችን። በጉን ሲያይ ቢላዋውን መልሶ ያወርዳል።

«እህቴ፣ ይሄ የስለትሽ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ወላሂ ከባድ ነገር ነው። በደንብ አስበሽበታል?»

«ጋሼ፣ ካሰብኩማ አልሰጥም። ቢላዋውን ያንሱና ይረዱልኝ!»

በጉን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ ያዞረዋል። «ቢስሚላህ» ሲል ፊቴን ወደ ሐዲዱ አዞራለሁ። አስናቀ ትከሻዬን ይይዛል። ከዚህ በግ አንዲት ጉርሻ እንኳን በአፋችን አትዞርም። ከሰጡም እንዲህ ነው፣ አለቀ!

የጀማሉዲን ሚስት ኡሙሀኒ መረቁን በጣሳ ቀድታ ለሀምዳ ታቀብላታለች። ሀምዳ በሁለት እጇ ይዛ ትጠጣለች፤ ላቧ ግንባሯ ላይ ችፍ ይላል። ጣሳውን ደግማ ትዘረጋለች። እሰይ! እሰይ የኔ እናት፣ ጠጪ!

ሽማግሌው ሙሐመድሰዒድ በአፋርኛ አንድ ነገር ይናገራል። ጀማሉዲን ወደኔ ይዞራል።

«ሰደቃው ስለ ማን ነው? ለማን ዱዓ እናድርግ? ይላል።»

አስናቀ ያየኛል።

«በለጠ በሏቸው። በለጠ አስናቀ። ወታደር ነው፣ ሰሜን ነው ያለው በሏቸው።»

ሽማግሌው መዳፉን ወደ ላይ ይዘረጋል። ልጆቹም ቅባት የጠጣ ጣታቸውን ይዘረጋሉ። ሀምዳ ጣሳውን መሬት ታስቀምጣለች። የሚሉት አንዱም አይገባኝም፤ አፋርኛ ነው። በመሀል በመሀል ግን የልጄ ስም ይመጣል። በመጣ ቁጥር «አሜን» እላለሁ፣ ከሁሉም ቀድሜ።