የሳፍታ ጧፍ

የአባባ ቶአደር ትንፋሽ ሲቆራረጥ ነርሷ ቪዮሪካ ሐኪሞቹን ልትጠራ ሮጠች። ስትመለስ ሚስታቸው ሳፍታ ከፋሲካ ያስቀመጡትን ጧፍ ይዘው ክብሪት ሊጭሩ ሲሉ ደረሰች። ቪዮሪካ ጮኸች።

«እማማ፣ እንዳይጭሩት። ኦክስጅኑ ክፍት ነው፤ ተያይዘን ነው የምንነደው።»

«ጧፍ ሳይዝ የሞተ ሰው መንገዱን በጨለማ ነው የሚሄደው» አሉ ሳፍታ። «አርባ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ጨለማ ውስጥ ልስደደው?»

ቪዮሪካ የራሷንም አባት በጧፍ ነበር የሸኘችው። ልትቀማቸው ስትንደረደር የክብሪቱ እንጨት ሳጥኑን ነካ። ያኔ የሽማግሌው እጅ ከብርድ ልብሱ ላይ ተነሣ። ከጠዋት ጀምሮ ሐኪሙ «ጣቴን ይጭመቁ» ሲላቸው ንቅንቅ ያላለው እጅ፣ የክብሪቱን ሳጥን ከሚስታቸው ጣት ጋር ጨበጠ፤ አልለቅም አለ።